ከወረታ እስከ ጣና ዳር፦ በፎገራ ሜዳ የኮረኮንች ብስክሌት መስመር የማውጣት የሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

ይህ ማስታወሻ ከወረታ ከተማ ወደ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ላይ በብስክሌት ሊኬድባቸው የሚችሉ የጠጠርና የአፈር መንገዶችን መርምሮ ወደ ካርታ የማስገባቱን ሥራ ሂደት የሚመዘግብ ነው። ባሕር ዳር ብስክሌት የለመደች ከተማ ናት፤ ይሁን እንጂ ከከተማዋ ወጥቶ ረጅም መንገድ መሄድ የሚፈልግ ብስክሌተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት ብቻ ነው፤ በዚያም ላይ ከሚኒባስና ከጭነት መኪና ጋር ጠርዝ ለጠርዝ እየተጋፋ ይጓዛል። ከዚያው አስፋልት በስተ ግራ ያለው ሜዳ ግን ገበሬው፣ ጋሪውና ባጃጁ በየቀኑ የሚመላለሱባቸው ኮረኮንቾች የሞሉበት ነው፤ የጎደለው የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝና መቼ ለማለፍ እንደሚመች የሚያሳይ መረጃ ነው።

ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,830 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ የጣና ውሃ ወለል 1,785 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ብስክሌተኛው ከከተማዋ ተነሥቶ ሐይቁ ዳር እስኪደርስ የሚወርደው ሃምሳ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዳገት የሚባል ነገር የለም፤ ጉልበት የሚፈትኑት አፈሩ፣ ነፋሱና ውሃው ናቸው። መሬቱ ለጥ ያለ በመሆኑ ሐይቁ በጥቂት ስንዝር ከፍ ሲል ብዙ ሄክታር ይሸፈናል፤ ጣና ደግሞ ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ሳይሆን ወንዞቹ የክረምቱን ውሃ አስገብተው ሲጨርሱ፣ በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ሰማዩ ጠርቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ መንገዱ ደርቋል ብሎ የሚነሣ ሰው ሜዳውን የሚያገኘው እጅግ በረጠበበት ጊዜ ነው። በዚህ ምክንያት ካርታው ከርቀትና ከአቅጣጫ ሌላ እያንዳንዱ የመንገድ ክፍል የሚያልፍባቸውን ወራት እንዲያሳይ ከመነሻው ወስኛለሁ። ያለ ወር የተሠራ የፎገራ ካርታ ሰውን ጭቃ ውስጥ ከማስገባት የተለየ ጥቅም ይኖረዋል ብዬ አላምንም።

ጥቅምት

በዚህ ወር ሥራው ወንዞቹን መከተል ነበር። ርብና ጉማራ ሁለቱም የሚነሡት ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ተዳፋት አፈር ተሸክመው ይወርዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ስለሚቀንስ ጭነታቸውን ያራግፋሉ። ወንዙ ሞልቶ ሲፈስ ከበድ የሚለው ደለልና አሸዋ የሚቀመጠው በወንዙ አፋፍ ላይ ነው፤ ደቃቁ ጭቃ ግን ከውሃው ጋር ርቆ ይሄዳል። ከብዙ ዘመን በኋላ ይህ ድርጊት በታችኛው ሜዳ ላይ የወንዙን ዳር ከአካባቢው መሬት ከፍ አድርጎታል። በሌላ ቦታ ውሃ የሚሸሽ ሰው ከወንዝ ይርቃል፤ እዚህ ግን ቀድሞ የሚደርቀው መሬት ወንዙ አጠገብ ያለው ነው፤ ከወንዙ በራቁ ቁጥር ወደ ዝቅተኛውና ወደ ከባዱ ጥቁር አፈር ይገባል። የመንደሮቹ ቤቶችና ዛፎች በአፋፉ ላይ የተደረደሩትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ በካርታው ላይ ከሁሉ ቀድመው የሚከፈቱት መስመሮች፣ ማለትም ከጥቅምት ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የሚያልፉት፣ የጉማራንና የርብን ዳር ተከትለው የሚሄዱት የመንደር መንገዶች ይሆናሉ።

በታችኛው ርብ ዳር ጎርፍ ለመከላከል የተሠሩ የአፈር ክትሮች አሉ። አናታቸው ሰፊና ደረቅ በመሆኑ ለብስክሌት እጅግ ይመቻል፤ ከላይ ሆኖም ሜዳውን እስከ ሐይቁ ድረስ ማየት ይቻላል። ሆኖም በ1998 ዓ.ም. ክረምት እነዚህ ወንዞች ሞልተው ፎገራንና አጎራባቹን ሊቦ ከምከም ወረዳን ባጥለቀለቁ ጊዜ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ መፈናቀሉን የሚያስታውስ ሰው ክትሩን እንደ መዝናኛ መንገድ ብቻ ሊመለከተው አይችልም። እርጥብ ክትር ላይ የሚያልፍ ጎማ ቦይ ይቀድዳል፤ ያ ቦይ በቀጣዩ ዝናብ ውሃ ይሰበስባል፤ የተሰበሰበው ውሃ ደግሞ ክትሩን ይበላዋል። በመሆኑም ክትሮቹ በካርታው ላይ የሚገቡት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብቻ ሲሆን፣ ያም ቢሆን ሕዝቡ ቀድሞ በእግር በሚመላለስባቸው ክፍሎች ብቻ ነው።

መንገዱ ሁለት በሚሆንበት ቦታ ሁሉ በመጠየቅ የሚገኘው ዕውቀት ከስልክ ካርታ ይበልጣል። ወደ ዋገጠራ በሚወስደው አቅጣጫ አንድ መገንጠያ ላይ ከብት ሲጠብቁ ያገኘኋቸውን አዛውንት «አባቴ፣ በየትኛው ይሻላል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ በቀኝ ያዝ፤ ዛሬ ጋሪ አልፎበታል። በግራ ያለው እስከ ገና ከብቱም አይሻገረው» አሉኝ። ሁለቱንም ዐረፍተ ነገር እንዳሉት መዝግቤአለሁ። በቀኝ ያለው ለጥቅምት፣ በግራ ያለው ለጥር ይሆናል።

ኅዳር

ሜዳው የሩዝ አጨዳ ላይ ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግና አካባቢ ካካሄዱት ሙከራ ወዲህ ሩዝ ቀስ በቀስ የፎገራ ዋና ሰብል ሆኗል፤ ለረጅም ጊዜ በስፋት የተዘራው ዝርያ ኤክስ ጅግና ተብሎ የሚጠራውም ከዚያው ቀበሌ ስም ነው። ቀድሞ ክረምት ክረምት ውሃ የሚተኛበት መሬት ለግጦሽ፣ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ለጓያና ለሽምብራ ብቻ ያገለግል ነበር፤ ዛሬ በዚያው ውሃ ሩዝ ይመረትበታል፤ ዱቄቱም ከጤፍ ጋር ተደባልቆ በየቤቱ እንጀራ ይጋገርበታል። ስለ ብስክሌት መንገድ በሚያወራ ማስታወሻ ውስጥ ይህን ማንሣቴ መንገዱን ያመጣው ሩዙ ስለሆነ ነው። አይሱዙ መኪናዎች ሩዝ ጭነው ወደ ወረታ መፈልፈያዎች ለመድረስ ጠጠር መንገድ ያስፈልጋቸዋል፤ በአንጻሩ ከብቶች ወደ ሐይቁ ዳር ግጦሽ የሚወርዱባቸው ሰፋፊ የጥንት መሄጃዎች በማሳ እየተያዙ ጠብበዋል፤ አንዳንዶቹም ጠፍተዋል። በወተቱና እርጥብ መሬትን በመቻሉ የታወቀው የፎገራ ከብት ግጦሹ የተወሰደበት በዚህ መልክ ነው። የቀሩት የከብት መሄጃዎች ለብስክሌት ቢያምሩም ከብቱ በሚወርድበትና በሚመለስበት ሰዓት ለከብቱ መተው አለባቸው ብዬ አምናለሁ፤ በካርታው ላይም እንዲህ ተብሎ ይጻፋል።

ማሳን ከማሳ የሚለዩት የአፈር ድንበሮች ከሩቅ ሲታዩ ቀጥ ያሉ የእግር መንገዶች ይመስላሉ። እነዚህ ግን መንገድ አይደሉም። ድንበሩ ውሃውን በማሳው ውስጥ የሚይዝ ግድግዳ ነው፤ አንድ ቦታ ከተደረመሰ ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄዳል፤ ጎረቤታሞችንም ያጣላል። በዚህ ምክንያት የማሳ ድንበር ያለበት ማንኛውም አቋራጭ፣ ምንም ያህል ቢያሳጥር፣ ከካርታው ውጪ ይሆናል።

ታኅሣሥ

የፎገራ ሜዳ አብዛኛው አፈር ዋልካ ነው፤ መስመር የማውጣቱ ሥራ ዋና ጉዳይም ይኸው አፈር ሆኗል። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እርጥብ ሲሆን በጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ ከዚያ በላዩ ገለባና ጠጠር እየጨመረ ይወፍርና በሹካውና በጎማው መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ጎማው ጭራሽ እንዳይዞር ያደርገዋል። በተቃራኒው በደንብ የደረቀና በጋሪ የተዳመጠ ዋልካ ከጠጠር መንገድ የበለጠ ለስላሳና ፈጣን ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ የአንድ ቀን ፀሐይ ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት ከመንገድ ላይ ለመለየት ሁለት ምልክቶችን እጠቀማለሁ። የመጀመሪያው ተረከዝን አጥብቆ መርገጥ ነው። ተረከዙ ምልክት ካልተወ መንገዱ ያልፋል፤ ምልክት ትቶ አፈሩ ጫማ ላይ ካልተጣበቀ በዝግታ ይታለፋል፤ ከተጣበቀ ግን መመለስ ይገባል። ሁለተኛው ከእኔ በፊት ማን እንዳለፈ ማየት ነው። የፈረስ ጋሪ ጎማ አዲስ አሻራ ካለ ብስክሌትም ያልፋል፤ የከብት ኮቴ ብቻ ካለ መንገዱ ቢደርቅም አይመረጥም። ምክንያቱም በጭቃ ላይ የታተመ ኮቴ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በላዩ አንድ ኪሎ ሜትር መንዳት በጥሩ ኮረኮንች ላይ ዐሥር ኪሎ ሜትር ከመሄድ ይልቅ እጅና ወገብ ያደክማል። በካርታው ላይ ኮቴ የበዛበትን ክፍል በተለየ ቀለም ለይቼዋለሁ፤ ጋሪ ደጋግሞ ሲዳምጠው በየካቲት ሊሻሻል ስለሚችል እንደገና ይታያል።

ስለ ብስክሌቱም ጥቂት ልመዝግብ። በዚህ ሜዳ ላይ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ጎማ ይመከራል፤ ንፋሱም ለአስፋልት ከሚሞላው ቀነስ ማለት አለበት። ፓራፋንጎ ለአቧራና ለቀላል እርጥበት ቢጠቅምም በዋልካ ላይ ጭቃውን አምቆ ስለሚይዝ ከጉዞ በፊት ቢፈታ ይሻላል። ጭቃ መፋቂያ የሚሆን ጠፍጣፋ እንጨት ከትርፍ ካላማዳሪ እኩል አስፈላጊ ነው። የእሾሁ ዋና ምንጭ ደግሞ በየአጥሩ የተከመረው የግራር ጭራሮ ብቻ አይደለም። ውሃ የሸሸበትን ግጦሽ የወረረው አሜኬላ ሲደርቅ እሾሁ በመንገዱ ዳር ይበተናል፤ ሣሩ ላይ ወጥቶ መንዳትን የከለከልሁት ስለዚህ ነው። ጎሚስታ የሚገኘው በዋናው መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች ነው፤ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሰው የራሱን መጠገኛ መያዝ አለበት።

ጥር

ይህ ወር ከሁሉ የተሻለ ነው፤ አብዛኛው መስመር የተመዘገበውም በዚህ ወር ነው። መንገዱ ደርቋል፣ አቧራው ገና አልበዛም፣ ውሃው ከሸሸበት ማሳ ላይ ሽምብራና ጓያ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በጥምቀት ሰሞን መንገዶቹ ታቦት በሚያጅብ ሕዝብ ስለሚሞሉ በከተራና በበዓሉ ዕለት ምዝገባ አልተካሄደም፤ መስመሩን የሚጠቀሙ ሰዎችም በእነዚህ ቀናት ብስክሌታቸውን ቢያሳርፉ የተገባ ነው።

የመስመሩን አዙሪት አቅጣጫ የወሰነው ነፋሱ ነው። ፀሐይ የብሱን ስታሞቀው ከሐይቁ ወደ ሜዳው ነፋስ ይነሣል፤ ከረፋድ በኋላም እየበረታ ይሄዳል። መሸሸጊያ በሌለው ሜዳ ላይ ይህን ነፋስ ፊት ለፊት መቀበል ከዳገት ያልተናነሰ ድካም ነው። ስለዚህ መስመሩ በጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱን በጀርባ ይዞ ወደ ወረታ ይመለሳል።

ከዚህ ጋር የሚጋጭ ሌላ ጉዳይ ተነሥቶ ነበር። በርብ አካባቢ ያሉት የወላላና የሸሸር ረግረጋማ ቦታዎች የዚህ ሜዳ ትልቁ ሀብት ናቸው። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲፈስ ውሃ ያገኛሉ፤ አምባዛና ቀረሶ የሚባሉት ዓሦች ከጎርፉ ጋር ገብተው ይዋለዱባቸዋል፤ በበጋ ደግሞ ከምሥራቅና ከሰሜን አውሮፓ ክረምትን ሸሽተው የሚመጡ ክሬን የሚባሉ ረጃጅም እግር ወፎች ከዳክዬና ከዝይ መንጋ ጋር ያድሩባቸዋል። ራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል የያዘው የአገራችን ክሬን ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነዋሪ ነው። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ እነዚህን የመሳሰሉ እርጥብ መሬቶችም ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ቦታዎች ባለፉት አሠርት ዓመታት እጅግ ተመናምነዋል፤ በተለይ ሸሸር አብዛኛውን ስፋቱን አጥቷል። ውሃው በቦይ እየተጠለፈና በሞተር እየተሳበ፣ ዳሩም እየታረሰ፣ ማሳው በየዓመቱ ወደ መካከል ይገፋል። ይህን የሚያደርገው ገበሬ የሚበላውን የሚፈልግ ሰው ነው፤ መሬት የጠበበበትን ሰው መውቀስ አይቻለኝም። ነገር ግን የእኔ መስመር በዚህ መመናመን ላይ አንዲት ስንዝር እንኳ እንዲጨምር አልፈልግም።

ክሬኖቹ የሚያድሩት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ነው። ጠዋት ወደ ታጨዱ ማሳዎች ይበርራሉ፤ የወደቀ እህል ለቅመው ሲመሽ ይመለሳሉ። ሲነጋና ሲመሽ በአጠገባቸው የሚያልፍ ሰው መንጋውን ሳይመገብ ወይም ሳያርፍ ያስነሣዋል። ለነፋሱ ሲባል በማለዳ መነሣት ያስፈልጋል፤ ለወፎቹ ሲባል ደግሞ በማለዳ ወላላ አጠገብ መድረስ አይገባም። መፍትሔው መስመሩ መጀመሪያ በጉማራ በኩል ባሉት መንደሮች ወርዶ፣ ወደ ናበጋ አቅጣጫ ሐይቁን ተጠግቶ፣ ወደ ወላላ የሚጠጋው እኩለ ቀን ገደማ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ በዚያ ሰዓት መንጋው በማሳ ላይ ተበትኗል። መንገዱም ከረግረጉ ዳር ሳይሆን ቀድሞ ከነበረው የጠጠር መንገድ ላይ ይቆያል፤ ወፎቹን በመነጽር ከዚያው ማየት ይቻላል። በረግረጉ ዳር የሚዞረው ቀጭን የእግር መንገድ ከመላው መስመር ይበልጥ የሚያምር ቢሆንም በካርታው ላይ አላስገባሁትም፣ አላስገባውምም። ካርታ ላይ የተሣለ ቀጭን መስመር ዛሬ ብስክሌት፣ ነገ ሞተር ሳይክል፣ ከነገ ወዲያ መኪና ያመጣል።

የካቲትና መጋቢት

ዋልካው ተሰንጥቋል። መንገዱን የሚያቋርጠው ስንጥቅ ብዙም አይጎዳም፤ ከመንገዱ ጋር ጎን ለጎን የሚሮጠው ግን የፊት ጎማ ሊውጥ ስለሚችል በተለይ በክትሮቹ አናት ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ገበሬዎች ሽንኩርት ለማጠጣት ከወንዙ በሞተር ውሃ ይስባሉ፤ የፕላስቲክ ቱቦዎቹ መንገዱን ያቋርጣሉ። ቱቦ ባለበት ሁሉ ከብስክሌት ወርዶ ተሸክሞ መሻገር ይገባል፤ የተቀደደ ቱቦ ለባለቤቱ የአንድ ቀን ውሃ ማጣት ነው።

ከርብና ከጉማራ አሸዋ የሚጭኑ ሲኖትራኮች የሚመላለሱባቸው ክፍሎች በዚህ ወቅት ተበላሽተዋል፤ ጠጠሩ ወደ ዳር ተገፍቶ መካከሉ ዱቄት የመሰለ አቧራ ሆኗል። እነዚህን ክፍሎች በሁለት ቦታ በመንደር መንገድ ተክቻቸዋለሁ። በመንደር ውስጥ ውሻ ሲያባርር ከብስክሌት ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ በእግር መሄድ ይበቃል።

ሐይቁ ዳር በ2004 ዓ.ም. አካባቢ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ አረም ደርቆ ተከምሮ ይታያል። ደንገሉ በተረፈበት ቦታ አሁንም ታንኳ ይሠራል። ወደ ወንዞቹ መግቢያ የሚጠጋ ሰው ጉማሬ በምሽት ለግጦሽ እንደሚወጣ አውቆ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለስ፤ ቢልሃርዚያ ስላለ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አይግባ፤ ወባም ስላለች ማደር የሚያስብ ሰው አጎበር ይያዝ።

ሚያዝያ

የመጀመሪያዎቹ ነጎድጓዳማ ዝናቦች መጥተዋል። ከሰዓት በኋላ ለአጭር ጊዜ የጣለ ዝናብ ስንጥቁን ሳይሞላ የመንገዱን ገጽ ብቻ ያረጥባል፤ ሆኖም ጎማ ለማሰር ያ ይበቃል። በዚህ ወር የሚቀሩት ክፍሎች ጠጠር የለበሱት ብቻ ናቸው፤ የአፈር መስመሮቹ በሙሉ ተዘግተዋል። ጠጠር የለበሰው መንገድም ቢሆን የውሃ ማፍሰሻ ቱቦ በተደፈነበት ቦታ ላይ ይቆረጣል፤ እንዲህ ያሉትን ቦታዎች ለየብቻ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ፤ ዝርዝራቸውንም ለቀበሌው አስተዳደር ሰጥቻለሁ። ቱቦው ቢጠረግ ከብስክሌተኛው በፊት የሚጠቀሙት ሕመምተኛ ይዘው ወደ ወረታ የሚወጡ ሰዎች ናቸው።

ሰኔ

ሜዳው ለክረምት ተዘግቷል፤ ገበሬው ለሩዝ እያረሰ ነው። የካርታው የመጀመሪያ ቅጂ ሦስት ቀለም ይዞ ተዘጋጅቷል። አረንጓዴው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ግንቦት የሚያልፈው የወንዝ ዳርና የጠጠር መንገድ ነው፤ ጠጠር ያልለበሰው የወንዝ ዳር ግን በሚያዝያ ይዘጋል፤ ቢጫው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚያልፈው የዋልካ መንገድ ነው፤ ክትሩም በዚሁ ቀለም ሆኖ በየካቲት መጨረሻ እንደሚዘጋ ተጽፎበታል። ቀዩ በጋውን ሙሉ ከብት የሚመላለስበትና ብስክሌት ቅድሚያ የማይሰጠው ክፍል ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ምንም ቀለም የለም።

የቀረው ሥራ ከርብ በስተ ሰሜን በሊቦ ከምከም በኩል ያለው ሜዳ ነው፤ ወደ አዲስ ዘመን ከተማ የሚወጣ መመለሻ ከተገኘ መስመሩ ያንኑ መንገድ ሳይደግም ሙሉ አዙሪት ይሆናል። ምዝገባው በጥቅምት ሁለተኛ አጋማሽ በወንዝ ዳር መንገዶች እንደገና ይጀመራል። እስከዚያ ድረስ ካርታውን የወሰዱ ብስክሌተኞች ያለፉበትን ክፍል፣ ቀኑንና ከዚያ በፊት ዝናብ የጣለበትን የመጨረሻ ዕለት ጽፈው እንዲልኩልኝ ጠይቄአለሁ፤ የየክፍሉ መክፈቻና መዝጊያ ወር የሚስተካከለው በዚህ መረጃ ነው።